የመርከብ ዘበኛ

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ቆመዋል፤ እኔ መኝታ ቤት ተዘግቶብኝ እንጎራደዳለሁ። የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ለመንጎራደድ አይመችም፤ ከአልጋው ተነስተሽ ቁም ሣጥኑ ጋ ስትደርሺ መንገዱ አለቀ፣ ተመለሺ ነው። አንድ ጥሩ ነገሩ በሩ ስስ መሆኑ ነው። ሳሎን ውስጥ ሰው ምራቁን ሲውጥ ይሰማኛል።

«ኧረ ተቀመጡ፤ ቆማችሁ አታሳቅቁኝ» ይላል አባቴ።

«ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» ይላሉ አቶ ኢያሱ።

«ባለፈው ተነጋግረናል እኮ።»

«ተነጋግረናል፤ አልተመለሰልንም።»

አቶ ኢያሱ የነህምያ አጎት ናቸው፤ ነህምያ ደግሞ የማገባው ሰው ነው። አባቴ እሺ ካለ ማለቴ ነው። ነህምያ የውጭ መርከብ ላይ መሐንዲስ ሆኖ ይሠራል። በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ በርሮ መርከቡን ይሳፈራል፤ ከተሳፈረ ዘጠኝ ወር ዓይኑን አላየውም። ከዚያ በፊት ማዘጋጃ ቤት ፈርመን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ተባርከን፣ ቤተሰብ አንድ ምሳ በልቶ እንድንለያይ ነው የፈለግነው። ድግስ አላልንም፤ አጃቢ መኪና አላልንም። የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ እሷም አባቴ አፍ ውስጥ ናት። አባቴ ግን አፉን በከፈተ ቁጥር የሚያወጣው ጥያቄ ብቻ ነው።

ስልኬ ተንቀጠቀጠ። «ተቀመጡ?» ይላል ነህምያ።

«አልተቀመጡም» ብዬ መለስኩለት።

ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ አይመጣም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። ነህምያ ግን ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ተከትሏቸው መጥቶ ታች አስፋልቱ ዳር ካለው ጁስ ቤት በር ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። መሬት ላይ ሲሆን እንዲህ ነው። ካፌ ተቀምጠን እያወራን የካፌው ፍሪጅ በድንገት ዝም ካለ ከወንበሩ ብድግ ይላል። መርከብ ላይ ዝምታ ማለት ሞተር ቆመ ማለት ስለሆነ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር አስቡት። እኔ ይሄንን ስስቅበት ነው የኖርኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ ነገሩን ያበላሸው ትሕትና ነው። አባቴ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አለ። አቶ ኢያሱ «መርከብ ላይ ሞተሩን ይጠብቃል» አሉ። እውነት ነው፤ የነህምያ ሥራ ተራው ሲደርስ ወርዶ ያንን ፎቅ የሚያህል ሞተር መጠበቅ ነው። እዚህ አገር ግን ይጠብቃል ሲባል ለሰው ትዝ የሚለው ዱላና ካፖርት ነው። «ዘበኛ ነው በሉኛ» አላቸው አባቴ። እዚህ ላይ ሰው «ኧረ በፍጹም» ይላል። አቶ ኢያሱ ግን የራስን ልጅ ማወደስ ነውር ነው ተብለው ያደጉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ያው፣ እንደዚያው በሉት» አሉ። የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎችም አብረው አንገታቸውን ሰበሩ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ለጨዋነት ሲሉ የልጁን ዲግሪ አፈር ድሜ አስጋጡት።

ሲሄዱ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ባሕር መሃል መርከብ ማን ሊሰርቀው ነው ዘበኛ የሚቀጥሩለት?» አለኝ።

ተናደድኩ። ነህምያ ዘበኛ ቢሆንም አገባው ነበር፤ እሱ አይደለም ያናደደኝ። አባቴ ዕድሜውን በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ወደብ በር ላይ ጭነት ሲጠብቅ ስንት መርከብ አይቷል። መርከብ ሞተር እንዳለው፣ ሞተሩም ሰው እንዳለው ከእኔ በላይ ያውቃል። ዘበኛ ያለው ሊያዘገየን ነው። «ለምንድን ነው የማትፈልገው?» ብዬ ስጠይቀው «እናያለን» አለኝ። እናያለን ማለት እኛ ቤት እምቢ ማለት ነው፤ ሲቆይ የሚገለጥ እምቢ።

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሰው እንቅልፍ አሳጣሁ። በነህምያ በኩል ለአቶ ኢያሱ መልእክት ላክሁላቸው፤ «ይጠብቃል» የምትለዋን ቃል እንዳያነሷት፣ «የሞተር ክፍል ተረኛ መኮንን» እንዲሉ። እሳቸውም እንደ ሰንበት ትምህርት ጥቅስ ሸመደዱት። ዛሬ ደረጃውን ሲወጡ ለራሳቸው ሲደግሙት በመስኮት ሰምቻለሁ።

«ባለፈው የሥራውን ነገር አድበስብሰነዋል» አሉ አሁን፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ልጃችን የመርከብ የሞተር ክፍል ተረኛ መኮንን ነው።»

ቁም ሣጥኑ ጋ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ተረኛ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። «ተራ አስከባሪ ነው?»

ትራስ አንስቼ አፌ ላይ ያዝኩ። ሳቅም ለቅሶም ነበር። ነህምያን መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ «አንድ ሰው የቀረው!» ሲል አየሁት።

«ኸረ መኮንን ነው ወንድሜ፣ መኮንን!» አሉ አቶ አብዱልገኒ። እሳቸው ሾላ ገበያ ቅመም የሚነግዱ የወሎ ሰው ናቸው፤ ነህምያ ያደገው ከእሳቸው ቤት ጋር አንድ ግቢ ነው። አንደበታቸው ይጣፍጣል ተብለው ነው ከሽማግሌዎቹ ጋር የተመረጡት።

«መኮንን? ደግሞ ወታደር ነው እንዴ?»

«ጌታ ይርዳን» አሉ ሦስተኛው። እሳቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከዚህ ሌላ እስካሁን የተናገሩት የለም።

«እሺ ይሁን» አለ አባቴ። «ተረኛ ካላችሁ ተረኛ ይሁን። ተራው ሲያልቅስ ምን ያደርጋል?»

«ይወጣላ» አሉ አቶ ኢያሱ። «ይበላል፤ ይተኛል።»

«ሞተሩን ለማን ሰጥቶ?»

«ለሚቀጥለው ተረኛ ነዋ።»

«የሚቀጥለው ባይመጣስ?»

አቶ ኢያሱ የዓለምን ባሕር ሁሉ በስሙ ይጠሩታል፤ ባሕሩ ላይ ያለ ሰው ተረኛው ሲቀርበት ምን እንደሚያደርግ ግን ማን ነግሯቸው። «እንግዲህ… ይመጣል እንጂ» አሉ። «ለምን አይመጣም?»

«የማታውቁትንማ እየነገራችሁኝ ነው። ሌላ ቀን ረጋ ብለን ብንነጋገር ይሻላል። ቀጠሮ እንያዝ።»

ቀጠሮ! ሌላ ሳምንት! ነህምያ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ የለም። ሽማግሌ በመጣ ቀን ልጅቱ ከጓዳ አትወጣም፤ ከወጣችም ተጠርታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ነው። እኔ በሩን በርግጄ በካልሲዬ ወጣሁ።

«ባይመጣ እሱም አይወጣም» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። አባቴ ዓይኑን አፈጠጠ። «እድል፣ ማን ጠራሽ?»

«ማንም አልጠራኝም አባዬ። ጠይቀሃል፣ እየመለስኩልህ ነው። ተረኛው ባይመጣ ያለው ሰው ከሞተሩ ጋር ይቆያል። እስኪመጣ ድረስ ይቆያል። ቢመጣም 'ይኸው ያዝ' ብሎት አይሄድም። የሚረከበው ሰው ከሰዓቱ ቀደም ብሎ ወርዶ ሁሉንም ይዞራል። ዘይቱን ያያል፣ ሙቀቱን ያያል፣ መርከቡ ሆድ ሥር ውሃ ተጠራቅሞ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ያያል። በእጁ ይነካል፤ ያሸታል፤ ይሰማል። ከዚያ የሚወጣውን ሰው ይጠይቀዋል፤ ምን ተበላሽቷል? ምን አሳስቦሃል? ከላይ ምን ታዘዝክ? ሁሉንም ካወቀ በኋላ 'ተረክቤያለሁ' ይላል። በአፉ ካላለው አልተረከበም።»

እኔ ይሄንን ሁሉ የተማርኩት በስልክ ነው። የሌላዋን ሴት ፍቅረኛዋ በግጥም ያባብላታል፤ ለእኔ የተነበበልኝ የዘይት ግፊት ነው። መጀመሪያ እያዛጋሁ ነበር የምሰማው። በኋላ ወደድኩት። ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ እኛ ፈረቃ ስንቀያይር «ቻው» ተባብለን ነው የምንተላለፈው።

«ታሞ ቢመጣስ?» አለ አባቴ። አሁን የሚያየው እኔን ብቻ ነው። «ጠጥቶ ቢመጣስ?»

«አያስረክበውም። የገዛ ጓደኛው ቢሆንም አያስረክበውም፤ ለዋናው መሐንዲስ ደውሎ ይናገራል። የጀመረው ጥገና ካለም ሳይጨርስ አይሰጥም። የማያውቀው ድምፅ ከሰማ ደግሞ 'እስቲ ይለይለት' ብሎ አይቀመጥም፣ ዋናውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ቀስቅሶት ነገሩ ከንቱ ቢሆን ማንም አይቆጣውም። እሱ ዝም ብሎ ሞተሩ ቢበላሽ ግን የሚጠየቀው እሱ ነው። ተራህ ላይ የሆነው ሁሉ ያንተ ነው።»

አቶ አብዱልገኒ «ማሻ አላህ» አሉ። «ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ መጣን?»

አባቴ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌዎች ቆመው የቤቱ ባለቤት ሲቀመጥ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ እሱም የተቀመጠ አልመሰለውም።

«እኔ መኪናዬን ሳስረክብ እንደዚያ ነበርኩ» አለ። «ጎማውን አይቼ፣ ውሃውን አይቼ፣ ተረካቢው ፊቴ ካልፈረመ ቁልፍ አልሰጥም። ቤቴን ግን እንዴት ነበር የምወጣው? ቻው ብዬ። ጫማዬን አስሬ፣ ቻው ብዬ። ይቺ ልጅ በኩፍኝ ስትቃጠል እኔ ሰመራ ነበርኩ። ስደውል እናቷ 'ደህና ነን' ትለኛለች። ደህና እንዳልሆኑ ከድምጿ አውቃለሁ። ግን ደህና ነን ስትለኝ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም መንገዴን እቀጥላለሁ።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ልጄን ለሚሄድ ሰው መስጠት ያልፈለግኩት ለዚህ ነው። ዘበኛ መኮንን የሚባል ነገር አይደለም። የሚሄድ ሰው ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው።»

«አሜን» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፤ ቦታው እንዳልሆነ ወዲያው ገብቷቸው ጣሪያ ጣሪያ አዩ።

አባቴን እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ልቤ ራራለት፤ በዚያው ደግሞ ተናደድኩበት። ይሄንን ባለፈው ሳምንት ቢናገር ምን ነበረበት?

«እኔን ማንም ተረከብሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

እናቴ ነች። የወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆማለች። እናቴ ዘርትሁን ዝም አይነቅዝም እያለች ያሳደገችን ሴት ናት፤ እንግዳ ፊት ከ«እንደምን ዋላችሁ» ሌላ አትናገርም። አባቴ ቀና ብሎ አያትና መልሶ አቀረቀረ።

«ልጁ ይጠራ» አለች። «ታች ነው ያለው። ከጠዋት ጀምሮ ጁስ ቤቱን ሲዞረው በመስኮት አይቼዋለሁ።»

«ዘርትሁን፣ ወግ አይደለም እኮ» አለ አባቴ።

«ወጉን ልጅህ በካልሲ ወጥታ ጨርሳዋለች።»

ደወልኩለት። አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም፤ ስልኩን ሳልዘጋው እግሩ ደረጃው ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። እያለከለከ ገብቶ አጎቱን አየ፣ አባቴን አየ፣ እኔን አየ። ምን እንደተፈጠረ ከፊቴ ሊያነብ ፈለገ፤ እኔም አላወቅሁም ነበርና ምንም አላገኘም። ለእናቴ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣት።

«ነህምያ» አለችው እናቴ። «ሞተሩን ስታስረክብ የተበላሸውን ትናገራለህ አለች ይቺ ልጅ። እውነት ነው?»

«አዎ እትዬ ዘርትሁን። ግዴታ ነው።»

«ደህና ነው ብትለውና ደህና ባይሆንስ?»

«ሰው ሊሞት ይችላል።»

«እንግዲያው ቤትህንም ለእሷ ልታስረክብ ነው። አንተ ስትሄድ የምትጠብቀው እሷ ናት። የተበላሸ ነገር ካለ አሁን ንገራት፤ ከፈረመች በኋላ አይደለም።»

እኔ ፈገግ ብዬ ነበር። ምን ሊኖር ይችላል? ያኮርፋል ይል ይሆናል፤ ጨው ያበዛል ይል ይሆናል። ነህምያ ግን ፈገግ አላለም። ጣቶቹን አፍተለተለ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ከመስኮቱ ተመለሰ። ጓዳ ውስጥ እኔ ስንጎራደድ እንደዚያው ሳልሆን አልቀርም።

«አንድ ነገር አለ» አለ። «መርከቡን ሁለት ዙር ብቻ ሄጄ እተወዋለሁ፣ ከዚያ አንቺ ፋብሪካ ገብቼ ቦይለር እይዛለሁ ብዬሻለሁ። እድል፣ እሱ እውነት አይደለም።»

«ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ስነግርሽ እውነት መስሎኝ ነበር። አሁን እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን እግሬ አርፎ አያውቅም። አንቺ ጋ ሆኜ እንኳን ጆሮዬ ሞተር ይፈልጋል። ሥራውን እወደዋለሁ። ሁለት ዙር አይደለም፤ እስካረጅ ወይ እስካልቻልኩ ድረስ ነው። ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ጀምሬ እጥፍ ብያለሁ።»

ፋብሪካችን ጓሮ ለካውያው እንፋሎት የሚፈላበት የቦይለር ክፍል አለ። ወደ ምሳ ስሄድ በየቀኑ በሩ ላይ አልፋለሁ። እዚያ ውስጥ ነህምያን ካስቀመጥኩት ቆይቻለሁ። ቱታ አልብሼዋለሁ፣ ምሳ ዕቃውን ከእኔ ጋር አንድ ላይ ቋጥሬለታለሁ፣ በሰርቪስ አብሬው ተሳፍሬ ወደ ቤት ተመልሻለሁ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬን «እዚህ ባለቤቴ ይገባል» ብያታለሁ። አሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያ ክፍል ባዶ ሆነ።

ቀድሞ የተነሳው አባቴ ነው። ወደ ነህምያ ሄዶ ትከሻውን ያዘው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ይሄንን እኔ ለሚስቴ አልተናገርኩም» አለው። «በየዓመቱ 'ዘንድሮ መጨረሻዬ ነው' እያልኩ ነው ያረጀሁት። አንተ ገና ደጃፉ ላይ ሆነህ ነገርካት።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ!»

«ተመስገን!» አሉ አቶ ኢያሱ። ከጠዋት የቆሙበት ጉልበታቸው ተንቋቁቶ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። አቶ አብዱልገኒ አጠገባቸው ተዘረገፉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆይ» አልኩ።

የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ።

«አባዬ ሰጥቷል። እኔ እሺ አላልኩም።»

ገና ሶፋው ያልሞቃቸው ሽማግሌዎች ተመልሰው ብድግ አሉ። አባቴ አንዴ እኔን አንዴ እናቴን አየ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ ሳምንቱን ሙሉ ጭንቅላቴን ያዞርሽው? በርግደሽ የወጣሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ። ያኔ እሺ ልለው የነበረው ሌላ ሰው ነው። ሁለት ዙር ሄዶ የሚመለሰው ሰውዬ። እሱ የለም፤ አሁን ነው የሰማሁት።»

ወደ ነህምያ ዞርኩ።

«እወድሃለሁ» አልኩት። «ሽማግሌ ፊት ነውር ከሆነ ነውር ይሁን። ስለነገርከኝም አልቀየምም። ቀድመህ ባለመንገርህ ግን ተቀይሜሃለሁ፤ እናቴ ባትጠይቅህ ዛሬም እጥፍ ልትል ነበር። አሁን ሂድ። ዘጠኙን ወር ሚስትህ ሳልሆን ልየው። ስትደውል 'ደህና ነኝ' አልልህም፤ ከፍቶኝ እንደሆነ ከፍቶኛል እልሃለሁ፤ አንተም መንገድህን መቀጠል ከቻልክ ቀጥል። ስትመለስ የምትጠይቀው እኔን ይሁን፣ አባቴን አይደለም። ያኔ ከቻልኩ እችላለሁ እልሃለሁ። ካልቻልኩም እነግርሃለሁ።»

እንዲከራከረኝ ፈልጌ ነበር። እንዲለምነኝ፣ እንዲያለቅስ፣ «እተወዋለሁ እሺ» እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢለኝ ደግሞ እንደማላምነው አውቃለሁ። እሱ ግን «ትክክል ነሽ» አለኝ። ዓይኑ ቀላ። ለእናቴ እንደ አመጣጡ ጎንበስ ብሎ፣ አባቴን ጨብጦ ወረደ። ሲመጣ የሮጠበትን ደረጃ ሲወርድ እያንዳንዱ እርምጃው ተሰማኝ። ልከተለው እግሬ ተነሳ፤ መለስኩት።

ሽማግሌዎቹ ምሳ ቀርቦላቸው አልበሉም። ምን ተብሎ ይበላል? አቶ ኢያሱ ባርኔጣቸውን ፈልገው አጡት፤ ራሳቸው ላይ ነበር። አቶ አብዱልገኒ በሩ ላይ ቆመው «በሽምግልና ስንት ደጃፍ ረግጫለሁ» አሉ፤ «አባት እምቢ ሲል ልጅ ታለቅሳለች። አባት እሺ ብሎ ልጅ እምቢ ስትል ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በቀስታ «አላህ የሚበጅሽን ያምጣው ልጄ» አሉኝና ሄዱ።

አባቴ በረንዳው ላይ ወጥቶ ቆመ። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። እናቴ ማንም ያልጠጣባቸውን ብርጭቆዎች ታጥባለች። የተቆጣች መሰለኝ፤ ጎረቤት ምን ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ምን ይባላል ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አንዱን ብርጭቆ አለቅልቃ አቀበለችኝ። ፎጣ አንስቼ ማድረቅ ጀመርኩ፤ እንባዬ ግን አላስችል ብሎኝ ብርጭቆው ላይ ይንጠባጠባል። መልሼ አደርቀዋለሁ።

«አበላሸሁት እማዬ?»

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው።

«አንቺ ዛሬ ያልሽውን እኔም እኮ ለአባትሽ እለው ነበር» አለች። «በሄደ ቁጥር ነው የምለው። ቆይ፣ እኔ እሺ አላልኩም እለው ነበር።»

እጄ ቆመ። «እሱስ ምን ይልሻል?»

«ምን ይለኛል» አለች፣ የሚቀጥለውን ብርጭቆ አንስታ። «የመኪናው ድምፅ ከራቀ በኋላ ነዋ የምለው።»